አራቱ የመርፌ ቀዳዳዎች

አባቴ ሁለት ወረቀት ደርቦ የመስኮቱ መስታወት ላይ ሲያስደግፍ ቤታችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። እናቴ ሸዋዬ ከጓዳ ስትወጣ በእግሯ ጣት ትራመዳለች። እኔ ጮክ ብዬ የማነበውን አቆማለሁ። አክስቴ ፀሐይወርቅ የጋለውን ካውያ ይዛ ከጠረጴዛው አጠገብ ትቆማለች፤ አባቴ «ገጠመ» እስኪል ድረስ ከቆመችበት አትነቃነቅም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ ነበር። አባቴ ዳኘው የአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቤት ውስጥ ቦርድ ይሠራል። በሐይቁ ዳር አትክልት የሚያለሙ ሰዎች ውሃ የሚስቡበት ሞተር፣ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል እንዳይቃጠልባቸው የሚያጠፋላቸው መቆጣጠሪያ አለ፤ የሚሠራው እሱን ነበር። ቦርዱ ከመዳፍ አይበልጥም፤ በሁለቱም ፊቱ መዳብ ለብሷል። መስመሩ ከፊሉ በፊት፣ ከፊሉ በጀርባ ይሄዳል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስፒል እንኳ በመከራ የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። የመስመሩን ሥዕል እናቴ ከምትሠራበት ኮሌጅ በሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ላይ አትማ ታመጣለታለች፤ አንዱን ለፊት፣ አንዱን ለጀርባ። ሁለቱ ወረቀቶች ፊት ለፊት ተገጥመው በመስኮቱ ብርሃን ይታያሉ። ነጥቡ በነጥቡ ላይ ሲያርፍ ጠርዛቸው ይጣበቅና እንደ ፖስታ ይሆናሉ። ቦርዱ መሃላቸው ይገባል፤ ከዚያ በካውያ ይተኮሳል፤ ጥቁሩ ቀለም ቀልጦ መዳቡ ላይ ይቀራል፤ ቀለም ያልነካው መዳብ በአሲድ ተበልቶ ሲጠፋ መስመሩ ብቻ ይተርፋል። ወረቀቶቹ በፀጉር ያህል ከተዛነፉ ከፊት የተበሳው ቀዳዳ ከጀርባ ባዶ ቦታ ላይ ይወጣል። ያ ቦርድ የሚሆነው ለመጣል ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ ስለማውቀው ነው የምዘረዝረው። ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ዓይኑ አይስትም። የፋብሪካ ጓደኛው ክንዱ ቤታችን በመጣ ቁጥር ይህንኑ ነበር የሚናገረው። ሌላው ሰው በመለኪያ የሚለካውን ዳኘው በዓይኑ ይለካዋል ይል ነበር፤ እኔም ሰፈር ውስጥ ላገኘሁት ልጅ ሁሉ ቃል በቃል እደግመዋለሁ።

ፀሐይወርቅ የእናቴ ታናሽ እኅት ናት። ሁለቱም የተወለዱት ደቅ ደሴት ነው፤ አባታቸው መሪጌታ ፍሬ ስብሐት እዚያው ድጓ ያስተምሩ ነበር። ፀሐይወርቅ ሃያ ዓመቷ ነበር። ከእኛ ጋር ተቀምጣ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ትማራለች፤ የመጨረሻ ፈተናዋ ሰኔ ላይ ነው። እኔ «እታለም» ነበር የምላት። አልጋችን አንድ ነው። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት፤ ስትጎነጉነኝ እጇ አያምም። እወዳት ነበር። ግን አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር፤ አባቴ የሚያወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነው። እኔ ስለ ቦርዱ ስጠይቀው ዝም ይለኛል። እሷ ስትጠይቀው እርሳስ አንሥቶ እየሣለ ያስረዳታል፤ እሷም «እሺ ጋሼ፣ ገባኝ» ትላለች፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲያጎነብሱ እኔ የማየው ጀርባቸውን ነው።

በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ቦርዶቹ ይበላሹ ጀመር። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ በተከታታይ። አባቴ የተበሳውን ቦርድ እያገላበጠ በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል፤ ፊቱ ዐመድ ይመስላል። ፀሐይወርቅን፣ እኔ አስተካክዬ እሰጥሻለሁ፣ አንቺ ስትተኩሽ ታንሸራትችዋለሽ አላት። ፀሐይወርቅ እንዳላንሸራተተች ተናገረች። ሁለተኛ እንዳትመልሺልኝ አላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔን ጠርቶ ወፍራም ክር አምጪ አለኝ። ሦስቱን የተበላሹ ቦርዶች በቀዳዳቸው አሹልኬ እንድሰካቸው አዘዘኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። የአባቴን ቦርድ እንድነካ ሲፈቀድልኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። መዳቡ የወርቅ ያህል ያብለጨልጫል፤ በክሩ ላይ ተደርድሮ ሲታይ ጌጥ ይመስላል። ክሩን ቋጥሬ ስሰጠው ፀሐይወርቅን ጠራትና አንገቷ ላይ አጠለቀላት። ሳላዝሽ እንዳታወልቂው አላት።

በዕለቱ ክንዱና ባለቤቱ ለምሳ ተጠርተው ነበር። ፀሐይወርቅ ቦርዶቹን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አስታጠበቻቸው፤ አጎንብሳ ውሃ ስታፈስ ቦርዶቹ ከማስታጠቢያው ጋር እየተጋጩ ቃ ቃ ይላሉ። ክንዱ ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ ሳቁን አቆመና ወደ አባቴ አየ። ባለቤቱ ቀና ሳትል በላች። እናቴ ጓዳ ገብታ ቀረች። እኔ ግን ከልቤ ነበር የሳቅሁት፤ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ይባስ ብሎ ቀናሁ። ማታ ልብሷን ስትቀይር ለእኔም አንድ ስጪኝ አልኋት።

«ለአንቺስ አይድረስብሽ» አለችኝ።

ንፍገት መሰለኝ። አኩርፌያት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

እናቴ ከሞተች በኋላ የአባቴን ሰነዶች ሳስተካክል አንድ የዓይን ክሊኒክ ካርድ አገኘሁ። የስኳር በሽታው የሁለቱንም ዓይኑን ደም ሥር እንደ ጎዳው፣ ብርሃኑም እየደከመ እንደሚሄድ ሐኪሙ ጽፎበታል። ከሥሩ የአባቴ ፊርማ አለ። ቀኑ የዚያው ዓመት ኅዳር አሥራ ሁለት ነው። ክሩን አምጪ ያለኝ ጥር መጨረሻ ላይ ነበር። በነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ለእናቴም ለማንም ትንፍሽ አላለም። ጥገና ክፍል ውስጥ ዓይኑ የማያይ ሰው ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ራሱ ከዚያ ቀደም አንዱን «ይህ ሰው ያስፈጀናል» ብሎ ከማሽን አጠገብ ያስነሣ ሰው ነው።

በየካቲት አንድ ቀን ቀዳዳ ሲበሳ ፀሐይወርቅ ቦርዱን በሁለት እጇ ይዛለት ነበር። በመብራት የሚዞረው መብሻ ትንሽ ነው፤ ጫፉ የመርፌ ያህል ይቀጥናል። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ አገጬን ጣውላው ላይ አሳርፌ አያለሁ። መብሻው እያፏጨ ወረደና ቦርዱን ስቶ የግራ አውራ ጣቷ ውስጥ ገባ። ፀሐይወርቅ አልጮኸችም፤ አፏን ብቻ ከፈተች። ጣቷን ስታወጣ ደሙ መዳቡ ላይ ተንጠባጠበ።

አባቴ መብሻውን አጥፍቶ፣ ለምን ታነቃንቂዋለሽ አላት። አላነቃነቅሁም አለች። ያኔ ወደ እኔ ዞረ።

«ዜማ፣ አነቃነቀች አላነቃነቀችም?»

እጇ አልተነቃነቀም ነበር። አይቻለሁ። ግን አባቴ ዓይኑ አይስትም፤ እሱ ካልሳተ የተነቃነቀችው እሷ ናት፤ እኔ ነኝ ደህና አድርጌ ያላየሁት። በልጅ ልቤ የደረስሁበት ይህ ነበር።

«ነቅነቅ አድርጋዋለች» አልሁ።

ፀሐይወርቅ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ቦርዱን መልሳ ያዘችለት።

ከዚያ ወዲያ ቦርዶቹ ደህና መሆን ጀመሩ። አባቴ ይህን ያመጣው የአንገቷ ክር እንደ ሆነ ለክንዱ በኩራት ነገረው። ፀሐይወርቅ እየሰማች ሻይ ቀዳችላቸው። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ስነቃ አልጋው በእሷ በኩል ባዶ እየሆነ አስቸገረኝ።

አንድ ቅዳሜ ሲነጋጋ ተነሥቼ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። አባቴ ኪዳን ለማድረስ ጊዮርጊስ ሄዷል። ፀሐይወርቅ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ አባቴ ትናንት ማታ አስተካክሎ ያጣበቃቸውን ወረቀቶች በእንፋሎት እያላቀቀች ነው። ካላቀቀቻቸው በኋላ መስታወቱ ላይ አዟዟረቻቸው። ከዚያ ከአንገትጌዋ አራት የልብስ መርፌ አወጣችና የወረቀቶቹን አራት ማዕዘን አንድ በአንድ ወጋች። መርፌው በፊተኛው ወረቀት ነጥብ ገብቶ በኋለኛው ወረቀት ነጥብ እስኪወጣ ድረስ ወረቀቱን በትንሹ ትገፋለች፣ ትመልሳለች። ሲሆንላት መርፌዎቹን ሳትነቅል ጠርዙን አጣበቀችው።

ዛሬ እኔ በዚያው ቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በሁለት ፊት ቦርድ ሲሠሩ በአራት መርፌ እንዲያስተካክሉ አስተምራቸዋለሁ፤ «የመምህርት ዜማ ዘዴ» ይሉታል፤ አላርማቸውም።

በዚያ ጠዋት ግን ያየሁት ሌላ ነው። አባቴ ዓይኑን አሻሽቶ ያስተካከለውን፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጠብቃ የምትፈታና በመርፌ የምትበሳሳ ሴት አየሁ። ሁሉም ነገር ገባኝ ብዬ አሰብሁ። ቦርዱን የምታበላሸው እንዲህ ነው አልሁ። ደግሞም ደስ አለኝ። አባቴን የምነግረው ነገር አገኘሁ።

ከሰዓት በኋላ ክንዱ መጥቶ ከአባቴ ጋር ተቀምጧል። እናቴ ገበያ ናት። ከተተኮሱት ወረቀቶች አንዱን ከቆሻሻው አንሥቼ ሄድሁና ለአባቴ እጁ ላይ አስቀመጥሁለት።

«አባዬ፣ እታለም ወረቀትህን ትበሳዋለች» አልሁት። «አንተ ኪዳን ስትሄድ ያጣበቅኸውን ፈትታ ታዛንፈዋለች። ዓይኔ እያየ ነው።»

አባቴ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አላስጠጋውም። በአውራ ጣቱ ጠርዙን እየዳበሰ ሄደ፤ አንዱን ቀዳዳ አገኘ፣ ሁለተኛውን፣ አራቱንም። ፀሐይወርቅ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኑ እንደማያይ የሚያውቅ ሰው፣ ቦርዱ ሲቃናለት ማን እንዳቃናው ከማወቅ አያመልጥም። ጣቱ አራተኛው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ የቆመው ለዚህ ነው። እኔ ግን ንዴት ነው ያልሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አለች ፀሐይወርቅ።

«ምኑን ነው የማውቀው?»

ፀሐይወርቅ ወደ ክንዱ ተመለከተች። ክንዱ ሰኞ ፋብሪካ የሚገባ ሰው ነው። አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ምንም» አለች።

«እንግዲያው ለእንግዳው ንገሪው። አበላሸሁ በይ።»

ትሪውን አስቀመጠች። አበላሸሁ አለች፤ ድምጿ አልተሰማም። ከፍ አድርገሽ አላት። ደገመችው። ክንዱ፣ በቃ ዳኘው፣ ተዋት አለ። አባቴ ግን ለእኔም እንድትነግረኝ አዘዛት፤ ያጋለጥሻት አንቺ ነሽና ይገባሻል አለኝ፤ ብድግ አድርጎም ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያ በፊት ጭኑ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ሸሚዙ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ፀሐይወርቅ ዓይን ዓይኔን እያየች ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረች።

«አበላሸሁ፣ ዜማ።»

እናቴ ስትመለስ ፀሐይወርቅ ልብሷን እያጠፈች ነበር። እናቴ ለመነችው፤ ፈተናዋ ሦስት ወር ነው የቀራት፣ እሱን ጨርሳ ትሂድ አለችው። አባቴ አንድ ቀን አታድርም አለ። ያን ሌሊት ጎረቤት አሳደሯት። በማግስቱ እሑድ በሳምንት አንዴ ወደ ደቅ የሚሄደው ጀልባ ላይ አሳፈርናት። እናቴ እያለቀሰች ነበር። ፀሐይወርቅ አላለቀሰችም፤ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛቸው ነበር፤ ውሃው እንዳይነካቸው።

አባቴ ለመሪጌታ የሚደርስ ደብዳቤ ለጀልባው ሰው ሰጥቷል። በኋላ ሰዎች ሲያወሩ እንደ ሰማሁት ደብዳቤው አጭር ነው፤ «ልጅዎ ቤቴን ልታበላሽ ነበርና መልሼ ልኬልዎታለሁ» ይላል። ስለ ቦርድ አንድም ቃል የለበትም። በእኅቷ ባል ቤት የምትኖር ወጣት ሴት፣ ቤት ልታበላሽ ነበር ተብሎ ሲጻፍባት መሪጌታ የተረዱት፣ ማንም የሚረዳውን ነው። አባቴ ቃል የሚመርጥ ሰው ነበር። መሪጌታ ሁለት ወር ሳይሞላ ሀዲስ ለሚባል፣ ሚስቱ ለሞተችበት የሁለት ልጆች አባት ዳሯት።

እስከዚህ ያለውን ለብዙ ሰው ተርኬዋለሁ። ልጅ ነበርሁ፣ አልገባኝም፣ ያየሁትን ተናገርሁ እላለሁ፤ የሚሰማኝም ሰው ያዝንልኛል። የማልተርከው የሚቀጥለውን ነው።

ፀሐይወርቅ በሄደች በሳምንቱ ቅዳሜ አባቴ ወንበር ላይ አቁሞ መስኮቱ አጠገብ አቀረበኝ። ከእንግዲህ የእኔ እጅ አንቺ ነሽ አለኝ። በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ «ዳ» የሚል ፊደል ታትሟል፤ የስሙ መጀመሪያ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ሲገጥሙ ሁለቱ ፊደሎች በላይኛው ጥግ አንድ ላይ ማረፍ አለባቸው። አባቴ አንዱን ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጠፈ፤ ሁለተኛውን ደረበበት። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ወደ ግራ ገፋው፣ ትንሽ ወደ ላይ አነሣው፣ ልክ እንደ ድሮው።

«ገጠመ» አለ።

የደረበው ወረቀት ተዘቅዝቆ ነበር። «ዳ» ከታች ነው ያለው፤ እግሩ ወደ ላይ።

የሚቀልድ መሰለኝና ፊቱን አየሁ። አይቀልድም። ምላሴን አወጣሁበት። በክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ወደ እኔ እያየ ነው፤ ፊቱ አልተለወጠም። ምላሴን እንዳወጣሁ ትንሽ ቆየሁ። መርፌዎቹ፣ የተላቀቁት ወረቀቶች፣ የፀሐይወርቅ አውራ ጣት፣ «እርስዎ ያውቃሉ» ያለችው፣ ሁሉም አንድ ባንድ ቦታ ቦታውን ያዘ። ዘጠኝ ዓመት ለዚህ አያንስም።

«ገጥሟል አባዬ» አልሁት።

ጓዳ ገብቼ ከእናቴ የስፌት ዕቃ አራት መርፌ አመጣሁ። ጀርባውን ሲሰጠኝ ወረቀቱን አቃንቼ እሷ ስታደርግ እንዳየሁት አደረግሁ። ቦርዱ ያለ እንከን ወጣ። አባቴ በጣቱ ዳብሶት ግንባሬን ሳመኝ። ለክንዱም፣ ዓይኔን የወረሰችው ዜማ ናት ብሎ ነገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሳስ አንሥቶ የሚሥለው ለእኔ ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሰዓት እናቴ ጓዳ ጠራችኝና በሩን ገፋ አደረገችው። አባቴ ሳሎን ራዲዮ ይሰማል። እናቴ እጄን ያዘች። ፀሐይወርቅ ገና አልተዳረችም፤ ሽማግሌ እንደ ተላከ ብቻ ሰምተናል። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ነገሩ ሌላ ከሆነ የፊታችን እሑድ በጀልባው ሄዳ እንደምታመጣት፣ የፈተናው ቀን እንዳላለፈ፣ ለአባቴም ራሷ እንደምትነግረው አስረዳችኝ።

«አንድ ጊዜ ብቻ እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም» አለችኝ። «እኅቴ ስታበላሽ አይተሻል?»

ማንም አላስፈራራኝም። አባቴ አይሰማንም። እኔ ያሰብሁት ፀሐይወርቅ ከተመለሰች ወንበሩ ላይ የምትቆመው ማን እንደ ሆነች ነው።

«አይቻለሁ እናዬ» አልሁ። «ሆን ብላ ነው።»

እናቴ እጄን ለቀቀች። ደቅ አልሄደችም። ለሠርጉም አልሄደችም። እስክትሞት ድረስ የእኅቷን ስም ቤታችን ውስጥ አላነሣችም።

ባለፈው ዓመት ለሥልጠና ወደ ጎንደር ስሄድ አውቶቡሱ ሐሙሲት ላይ ለቁርስ ቆመ። ሰው የሞላበትን ትልቁን ቤት ትቼ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ሻይ ቤት ገባሁ። ብርጭቆ የምታጥበው ሴት ቀና ብላ አየችኝና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ዜማ አይደለሽም?» አለችኝ።

አገላብጣ ሳመችኝ። ሀዲስን ትታ ከመጣች አሥር ዓመት ሆኗታል፤ ሴት ልጅ አለቻት፣ ስድስተኛ ክፍል። ሻይና ዳቦ አቅርባልኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ፤ የት እንደማስተምር ስነግራት ኮሌጁ የድሮው በር አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኋት። አባቴን ጠየቀችኝ፤ ሁለቱም ዓይኑ እንደ ጠፋ ነገርኋት። አልተገረመችም፤ እግዜር ይማረው አለች። የእናቴን ሞት አስቀድማ ሰምታ ነበር።

«ብዙ ዘመን አዝኜብሽ ነበር» አለችኝ። «ኋላ ልጅ ስወልድ ነው የተውሁት። የእኔዋ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አየኋት፤ ምኑን ታውቃለች አልሁ። አንቺም ያየሽውን ነው የተናገርሽው። ይቅር ብዬሻለሁ።»

ሻዩን ጠጣሁ።

«ሸዋዬ ግን» አለች። «ሸዋዬ እኅቴ ናት። ባልዋን ታውቀው ነበር። አንድ እሑድ ትመጣለች ብዬ ፋሲካን ሙሉ ወደቡ ላይ እየወጣሁ ጠበቅኋት። ለምን እንዳልመጣች ያ ብቻ ነው የማይገባኝ። ነግራሽ ታውቃለች?»

ረዳቱ ከውጭ የጎንደር እያለ ይጠራል። ሰው እየተነሣ ነው።

«አልነገረችኝም» አልሁ።

«እንግዲህ ጨክናብኝ ነዋ» አለች ፀሐይወርቅ።

«ይሆናል፣ እታለም» አልኋት።

የሻዩን ሂሳብ አልቀበልም አለችኝ። አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታኝ፣ ለመንገድ ብላ ሁለት ዳቦ በመስኮት አቀበለችኝና፣ መኪናው እስኪነሣ ድረስ ቆማ እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር።